ለውሻ አንድ ዓይነት ደረቅ ምግብ ይበቃዋልን? ከ1816 ጀምሮ የተደረገው ክርክር ታሪክ

በኤውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከሱቅ መደርደሪያ ፊት በቆመ ቊጥር ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንደኛው፤ ከነዚህ ሁሉ ከረጢቶች የትኛውን ልምረጥ? የሚል ነው። ሁለተኛውም፤ አንድ ጊዜ ከመረጥሁ በኋላ ውሻዬን ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ላኑረው ወይስ እየለዋወጥሁ ልስጠው? የሚል ነው። ፋብሪካው በከረጢቱ ላይ «ይህ የተሟላ ምግብ ነው» ብሎ ጽፏል። የተሟላ ከሆነ ደግሞ መለወጥ ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን «የተሟላ» የሚለው ቃል ትርጓሜው በየዘመኑ እየተለወጠ የመጣ ስለ ሆነ፣ ለታሪክ ተማሪም የሚገባ ጥያቄ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የዚያን ቃል ጉዞ እንከተላለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረቅ ምግብ የምንለው ከእህል ዱቄት፣ ከደረቀ የሥጋ ወይም የዓሣ ዱቄት፣ ከስብ፣ ከቪታሚንና ከማዕድን ተቀላቅሎ ከተበሰለ በኋላ የደረቀውን፣ መልኩም ዳቦ ቆሎ የሚመስለውን ነው። ከመቶው 10 እጅ ያህል ብቻ ውሃ አለበት፤ በቆርቆሮ የሚታሸገው ግን ከመቶው 75 እስከ 80 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። በእኛ አገር ውሻ በአብዛኛው የሚኖረው በቤቱ ትራፊ ስለ ሆነ የቤቱ ምግብ ሲለወጥ የእርሱም ይለወጣል፤ በጾም ወራትም ሳይወድ አብሮ ይጾማል። ስለዚህ «ልለውጥለት ወይስ አልለውጥለት» የሚለው ክርክር የተነሣው ውሻ ከቤቱ ማዕድ ተለይቶ የራሱ ከረጢት በተመደበለት አገር ነው።

እህል ለውሻ መስጠት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ሮማዊው ኮሉሜላ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ለውሾች የገብስ ዱቄት ከአጓት ጋር እንዲሰጥ ይመክራል። በ2013 የታተመ የስዊድን ሊቃውንት ጥናትም ይህን ከሌላ ወገን አስረድቷል። ስታርች የሚፈጨውን ኤንዛይም የሚያዘው ጂን በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ ድረስ ይገኛል። ስለዚህ «ውሻ ሥጋ በል ነውና እህል አይስማማውም» የሚለው የዛሬ ነጋዴዎች አነጋገር የተጋነነ ነው። እህሉ ይስማማዋል። አከራካሪው አንድ ዓይነት ምግብ ብቻውን ይበቃዋል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በሙከራ የጠየቀው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ማዣንዲ ነበር። ማዣንዲ በ1816 ባቀረበው ጥናት አንድ ውሻ ንጹሕ ስኳርና የተጣራ ውሃ ብቻ እየሰጠ ጠበቀው። ውሻው በመጀመሪያው ሳምንት ደኅና ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መክሳት ጀመረ፤ በሦስተኛው የምግብ ፍላጎቱ ቀነሰ፤ ዓይኑም ቈሰለ። በ32ኛው ቀን ሞተ። በወይራ ዘይት፣ በሙጫና በቅቤ ብቻ የተያዙትም ሌሎች ውሾች ዕጣቸው ከዚህ የተለየ አልሆነም። ማዣንዲ ለማወቅ የፈለገው እንስሳ በሰውነቱ ያለውን ናይትሮጅን ከምግቡ ያገኘው እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ቈይቶ ያደረገው የዳቦ ሙከራ ነው። ከተጣራ የስንዴ ዱቄት የተጋገረ ነጭ ዳቦና ውሃ ብቻ የተሰጠው ውሻ ከ50 ቀን በላይ አልኖረም። ለወታደር የሚጋገረውን ጥቁርና ሻካራ ዳቦ ብቻ የተሰጠው ውሻ ግን ጤናው ሳይጐድል ኖረ። ሁለቱም ዳቦ ነው፤ ሁለቱም ስንዴ ነው። ልዩነቱ በወንፊት ተነፍቶ በወጣው ገለባ ውስጥ እንዳለ ማንም ሊያውቅ ይችል ነበር፤ ምን እንደ ሆነ ግን ለመናገር ቪታሚን የሚባል ነገር ገና አልታወቀም ነበር። ማዣንዲም በስም ሊጠራው ያልቻለውን ነገር በተግባር ዘጋው፤ ምግብን ማብዛትና መለዋወጥ ከጤና ሕጎች አንዱና ታላቁ ነው ብሎ ደመደመ። በኋላም የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ከአጥንት የሚወጣው ጄላቲን ለድኾች መመገቢያ ይበቃል ወይ የሚለውን እንዲመረምር ባቆመው ኮሚሽን ውስጥ የ1841ን መግለጫ ያቀረበው እርሱ ሲሆን፣ በዚያም ጊዜ በጄላቲን ብቻ የተያዙት ውሾች ሞተዋል።

ይህ ከታወቀ ከ20 ዓመት በኋላ ጥያቄው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ገበያ ገባ። ጄምስ ስፕራት የሚባል የኦሃዮ ተወላጅ አሜሪካዊ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ለመሸጥ ወደ ሎንዶን ሄደ። በወደቡ አጠገብ ውሾች የመርከበኛ ስንቅ የነበረውን ደረቅ ብስኩት እየተሻሙ ሲበሉ አይቶ ሐሳቡ መጣለት ይባላል፤ ይህ ታሪክ የነጋዴ ትረካ ጣዕም አለው። ያም ሆነ ይህ በ1860 ገደማ ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከደረቀ ሥጋ የተጋገረ የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀመረ። ሥጋው በአሜሪካ ሜዳ ከሚኖረው ጎሽ የመጣ ነው ይባል ነበር። ገዢዎቹም የአደን ውሾች ያሏቸው የእንግሊዝ ባላባቶች ነበሩ። በኩባንያው ውስጥ በወጣትነቱ ተቀጥሮ ያደገው ቻርልስ ክራፍት በ1891 በስሙ የሚጠራውን ታላቁን የውሾች ትርኢት አቋቋመ፤ ውሻ በዘሩ የሚመረጥበት ትርኢትና ምግቡ በፋብሪካ የሚሠራለት ንግድ ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል።

የዚያ ዘመን ማስታወቂያዎች ደረቁ ብስኩት ጥሩ ነው በማለት ብቻ አልተወሰኑም። ትኩስ ሥጋ የውሻን ደም ያሞቃል፣ የማዕድ ትራፊም ሆዱን ያበላሻል እያሉ ጻፉ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ። ማዣንዲ ከውሾች ሞት ያወጣው ትምህርት «ለዋውጡ» የሚል ነበር፤ ብስኩት ሻጩ ግን «አትለዋውጡ» የሚል ሌላ ትምህርት አቆመ፤ ለዚህም አንድም ሙከራ አላቀረበም።

በምርጫው ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚንጠለጠል ለማየት ወደ ደቡብ ዋልታ እንሻገር፤ በዚያ በረዶ ላይ ውሻ የሚበላው ከተሸከሙለት ስንቅ በቀር ሌላ ምንም የለምና። እንግሊዛዊው የባሕር መኰንን ሮበርት ስኮት በዲስከቨሪ መርከብ ሲሄድ በመጀመሪያ ለውሾቹ የተለመደውን ብስኩት ሊይዝ አስቦ ነበር። ልምድ ያለው ሰው ስለ መከረው ግን በብስኩቱ ፈንታ ስቶክፊሽ የተባለውን የኖርዌይ ደረቅ ዓሣ ጫነ። ዓሣው ለበረዶ አገር ውሻ የታወቀ ምግብ ስለ ነበረ ምክሩ በራሱ መጥፎ አልነበረም። መርከቡ ግን ሞቃቱን የምድር ወገብ አቋርጦ መሄድ ነበረበት፤ ዓሣውም በዚያ ሙቀት ተበላሸ። በ1902 ኅዳር ስኮት፣ ሸክልተንና ዊልሰን በ19 ውሾች ወደ ደቡብ ተነሡ። ብዙም ሳይቈይ ውሾቹ ደከሙ፤ ታመሙ፤ አንድ በአንድም ወደቁ። አንዳንዶቹ ለቀሩት ምግብ እንዲሆኑ መታረዳቸው ከመነሻው የታሰበ ቢሆንም፣ የጉልበታቸው መድከም ግን ያልታሰበ ነበር። ሰዎቹ ጋሪውን ራሳቸው እየጐተቱ በ1903 የካቲት ሲመለሱ ከ19ኙ አንዱም አብሮ አልተመለሰም። የተበላሸው ዓሣ የችግሩ ሁሉ ምክንያት ነው አይባልም፤ ስኮት ግን ከዋናዎቹ አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ሁለተኛ ዓይነት ስንቅ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ መለወጫ ይኖራቸው ነበር።

የ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የቪታሚን ዘመን ነው፤ የዚህንም ዘመን ዋጋ በብዛት የከፈለው ውሻ ነው። በ1917 በየል ዩኒቨርሲቲ ቺተንደንና አንደርሂል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ውሾችን በተቀቀለ አተር፣ በተፈጨ ደረቅ ብስኩትና በጥጥ ፍሬ ዘይት ሲመግቡ፣ አፋቸው የሚቈስል ክፉ በሽታ ያዛቸው። ይህም በደቡብ አሜሪካ ክፍለ አገሮች በቆሎ ብቻ የሚበሉትን ድኾች ይፈጅ የነበረውን ፔላግራን የሚመስል ነበር። በ1937 ኤልቪየም የተባለው የዊስኮንሲን ባዮኬሚስት በዚህ በሽታ የተያዙትን ውሾች ኒኮቲኒክ አሲድ በሚባለው ቪታሚን አዳናቸው። በእንግሊዝ አገርም ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን አጃና ዳቦ ከጥቂት ወተት ጋር እየመገበ አጥንት የሚያጐብጠው ሪኬትስ እንዲይዛቸው አደረገ፤ የዓሣ ጉበት ዘይት ሲጨመርላቸው ግን በሽታው አልያዛቸውም። ውጤቱን በ1919 አሳተመ። የሚገርመው አጃ ሆድን የሚሞላና ጠንካራ ምግብ የሚባለው ሆኖ ሳለ፣ ከሌሎቹ እህሎች ይልቅ አጥንትን የሚጐዳ ሆኖ መገኘቱ ነው። በስፕራት ዘመን «የተሟላ» ይባል ከነበረው ብስኩት ውስጥ ኒያሲንና ቪታሚን ዲ ምን ያህል እንዳሉ የሚያውቅ አንድም ጋጋሪ አልነበረም፤ ስማቸውም አልወጣም ነበርና።

እስካሁን ያየነው ሁሉ የጐደለ ነገር ታሪክ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባው ግን የተጨመረ ነገር ታሪክ ነው።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በእንግሊዝና በአሜሪካ የውሻ ጌቶች ሁሉ የሚፈሩት አንድ በሽታ ነበር። ደኅና የነበረው ውሻ በድንገት ይጮኻል፤ እንደ ተባረረ ሆኖ ይሮጣል፤ ከግድግዳ ጋር ይላተማል፤ ጌታውን አያውቅም፤ በመጨረሻም ይንፈራገጣል። እብድ ውሻ መስሏቸው የገደሉትም አሉ። የእንስሳት ሐኪሞች በሽታውን «የውሻ ሂስቴሪያ» ብለው ጠሩት፤ ስለ ምክንያቱም አንዱ የሆድ ትል ነው፣ ሌላው የጆሮ ተባይ ነው፣ ሌላው የቪታሚን ጒድለት ነው አሉ። አንዳንድ ጌቶች ግን ያለ ሐኪም አንድ ነገር አስተውለው ነበር፤ ብስኩቱን ትተው ሥጋ ሲሰጡት በሽታው ይተወው ነበር።

ምሥጢሩን በ1946 የገለጠው ያው ሜላንቢ ነው። በዚያ ዘመን ወፍጮ ቤቶች ዱቄትን ለማንጣትና ለመጋገር እንዲመች ለማድረግ ናይትሮጅን ትራይክሎራይድ በሚባል ጋዝ ያክሙት ነበር፤ በንግድ ስሙም ኤጂን ይባላል። ሜላንቢ በጋዙ የታከመውን ዱቄት ለአንዳንዶቹ ውሾች፣ ያልታከመውን ለሌሎቹ ሰጠ። የታከመውን የበሉት በሂስቴሪያ ተያዙ፤ ሌሎቹ ደኅና ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኬሚስቶች ጋዙ በስንዴው ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ሜታዮኒን ወደ መርዝነት እንደሚለውጠው አረጋገጡ፤ መርዙንም ሜታዮኒን ሰልፎክሲሚን አሉት። በሰው ላይ ይህን የመሰለ ጉዳት አልታየም፤ ቢሆንም በአሜሪካ በ1949፣ በእንግሊዝም በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤጂን ተትቶ በሌላ ተተካ።

በእኔ አስተያየት የደረቅ ምግብ ታሪክ ሁሉ ማዕከል ይህ ነው። ብስኩት ጋጋሪው አላታለለም፤ ከወፍጮ ቤት የገዛው ዱቄት ሰውም የሚበላው ዱቄት ነበር። ገዢውም ምልክቱን አንብቦ ሊያመልጥ አይችልም ነበር። ከጉዳቱ የዳነው ወይም የቀለለበት ብስኩቱን ከሌላ ምግብ ጋር ቀላቅሎ የሚበላው ውሻ ነበር፤ መርዙ በመጠን የሚሠራ ነውና። ማዣንዲ ስለ ጐደለው ነገር የተናገረው ሕግ ስለ ተጨመረውም ነገር እንዲሁ ሠራ።

ጦርነቱ ደረቁን ምግብ ይበልጥ አስፋፋው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ የቆርቆሮ ምግብ ገበያውን ይዞ ነበር፤ በ1942 ግን ቆርቆሮ ለጦር ሥራ ስለ ተፈለገ ፋብሪካዎቹ ወደ ደረቁ ዞሩ። ዛሬ የምናውቀው መልኩ የተገኘው በ1957 ነው። በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የራልስተን ፑሪና ኩባንያ የቊርስ እህል ከሚሠራበት ዘዴ ተምሮ፣ ሊጡን በእንፋሎትና በግፊት እያበሰለ በጠባብ ቀዳዳ የሚያስወጣ መኪና ለውሻ ምግብ አዋለ። ሊጡ ከቀዳዳው ሲወጣ ግፊቱ ስለሚለቀው ያብጣል፤ ይቈረጣል፤ ይደርቃል፤ ከዚያም ስብ ይረጭበታል። ውሻ ከረጢቱ ሲከፈት የሚሮጠው በአብዛኛው በዚህ በላይ በተረጨው ስብ ሽታ ነው።

«የተሟላ» የሚለው ቃል ሕጋዊ ትርጓሜ ያገኘውም በዚሁ ዘመን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውሻ የሚያስፈልገውን የምግብ ዓይነትና መጠን በ1953 አወጣ፤ በ1974፣ በ1985ና በ2006 ደግሞ እንደገና አሻሻለው። ሠንጠረዡ የተሟላ ከሆነ ለምን ደጋግሞ መሻሻል አስፈለገው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለጐልማሳ ውሻ የሚሆን ምግብ በአመጋገብ ሙከራ እንዲመሰከርለት ከተፈለገ፣ የአሜሪካ መኖ ተቈጣጣሪዎች ማኅበር ደንብ ቢያንስ 8 ውሾች ለ26 ሳምንት ምግቡን ብቻ እንዲበሉና ቢያንስ 6ቱ ሙከራውን እንዲጨርሱ ያዛል። ሙከራ መኖሩ ከስፕራት ዘመን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሻሻል ነው። ዳሩ ግን ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል እንስሳ የ26 ሳምንት ምስክርነት ነው የተሰጠው።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ በየወሩ ሌላ ከረጢት እገዛለሁ» የሚል ቢኖር የ2007ን ነገር ማወቅ አለበት። በዚያ ዓመት መጋቢት ሜኑ ፉድስ የተባለው ኩባንያ 60 ሚሊዮን ያህል ቆርቆሮና ከረጢት ከገበያ ሰበሰበ። ከቻይና በመጣ የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን የተባለ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ተጨምሮ ነበር፤ ይህም የፕሮቲኑ ልክ በምርመራ ጊዜ ከፍ ብሎ እንዲታይ ነው። ውሾችና ድመቶች ኩላሊታቸው እየከሸፈ ሞቱ። የተሰበሰበው ምግብ አብዛኛው እርጥብ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለደረቁም ያው ነው። ገዢው የተለያየ መስሎት የሚያፈራርቃቸው በብዙ ስም የሚሸጡ ምግቦች ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ጆንያ ወጥተው ተገኙ። ስሙን የለወጠ ሁሉ ምግቡን ለወጠ ማለት አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 መጨረሻ በአሜሪካ በሻጋታ መርዝ የተበከለ በቆሎ የገባበት ደረቅ ምግብ ብዙ ውሾችን በጉበት በሽታ ገድሎ ነበር።

ከዚህም በኋላ ሌላ ነገር ተነሣ። በ2018 ሐምሌ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ስንዴና በቆሎ የሌለባቸውን፣ በምትኩ አተርና ምስር የበዛባቸውን ደረቅ ምግቦች ከሚበሉ ውሾች መካከል ልብ የሚያሰፋ በሽታ እየተነገረ ነው ብሎ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። እነዚህ ምግቦች «እህል የለበትም» እየተባሉ ከሌሎቹ በበለጠ ዋጋ የሚሸጡ፣ በሠንጠረዡም የተሟሉ የተባሉ ነበሩ። ምግቡ በእርግጥ የበሽታው ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ አስተዳደሩም በ2022 መጨረሻ አዲስ ነገር ካልተገኘ በስተቀር በየጊዜው መግለጫ እንደማያወጣ ተናግሯል። ገበያው ግን አንድን ወሬ ተከትሎ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ዓይነት ምግብ መጒረፉን ከዚህ እናያለን።

ታዲያ መለዋወጥ በተግባር እንዴት ይደረጋል? አዲሱ ምግብ በአንድ ቀን ከተተካ ተቅማጥ ያስከትላል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች በ7 ቀን ገደማ ውስጥ በመጀመሪያ ሩቡን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ቀጥሎም ሦስት ሩቡን በአዲሱ እየተኩ መሄድን ይመክራሉ። ሲመረጥም ዋናው የሥጋ ዓይነት የተለየ፣ ዋናው እህል የተለየ፣ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ፋብሪካ የተለየ ቢሆን ይሻላል፤ አምራቹ ማን እንደ ሆነ ከከረጢቱ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ስለሚጻፍ መነጽር ሊያስፈልግ ይችላል። በምልክቱ ላይ የሚዘረዘሩት ነገሮች ከመጋገራቸው በፊት በነበራቸው ክብደት ተራ ስለሚጻፉ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ትኩስ ሥጋ አብዛኛው ውሃ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከረጢቱም በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ተዘግቶ ካልተቀመጠ የተረጨው ስብ ይበላሻል፤ የስኮት ዓሣ የደረሰበት ያው ነው።

ለሁሉም ውሻ አንድ ሕግ የለም። ሐኪም ለኩላሊት ወይም ለአለርጂ ልዩ ምግብ ያዘዘለት ውሻ ከታዘዘለት ምግብ መውጣት የለበትም። የትልልቅ ዘር ቡችላም የካልሲየም ብዛት አጥንቱን ስለሚጐዳው፣ እስኪያድግ ድረስ ለእርሱ ዓይነት ተብሎ ከተሠራ ምግብ ወደ ሌላ ዓይነት ባይዘዋወር፣ ቢለወጥለትም ከዚያው ወገን ቢሆን ይሻለዋል። የካልሲየም ዱቄት በላዩ ላይ መነስነስ ለአጥንቱ የሚጠቅም የሚመስላቸው ጌቶች ብዙ ናቸው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ቡችላ ላይ ግን ትርፉ የተጣመመ እግር ሊሆን ይችላል።